ቅቤ የተቀባው ክንፍ

ጋልጋሎ ግቢው ውስጥ አውሮፕላን እየገጠመ ነው ሲባል ነገሌ ከተማ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ፉዚያ እባላለሁ፤ ጎረቤቱ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። የሚገጣጠመው አውሮፕላን የታሸገባቸው ሦስት ትልልቅ ሣጥኖች ከአይሱዙ ላይ ሲወርዱ «ፍሪጅ ገዛህ እንዴ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰውየው ግን እየቀለደ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ የውኃ ጉድጓድ ሞተር ሲጠግን ኖሯል። አሬሮ በኩል ሞተር ተበላሸ ተብሎ በዚያ መንገድ ተንገላቶ እስኪደርስ፣ ከብቱ በጥም ሲወድቅ ደጋግሞ አይቷል። አንጀቱ አረረ። አዲስ አበባ ሄዶ ማብረር ተማረ፤ ለፈቃዱ ደጅ ጠና፤ ከዚያ መመሪያውን እያነበበ ሁለት ዓመት ቱቦ ከቱቦ ሲገጥም ከረመ።

እናቱ ጉያቱ ግን ምርቃታቸውን ከለከሉት። «ልጄን ሰማይ የሚወስድ ነገር አልመርቅም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እሱም እናቴ ሳትመርቀኝ አልነሳም አለ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው! እንዲህ ያለ ግትር ቤተሰብ አይቼ አላውቅም።

ክንፉን ጨርቅ የማለብሰው እኔ ነበርኩ። ጨርቁ ቱቦው ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል፤ በካውያ ሲተኮስ ተኮማትሮ ይወጠራል። ቀኙ ክንፍ አማረ። በማግስቱ ግራውን ለጥፌ ካውያዬን ባሳርፍበት ጨርቁ ሙልጭ ብሎ ወለቀ። ቱቦውን ነካሁት፤ ያሟልጫል። አሸተትኩት፤ ቅቤ!

«ማነው ይሄን ያደረገ?» ብዬ ጮህኩ። የቀረን ትርፍ ጨርቅ ለአንድ ክንፍ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ደሜ ፈላ።

ጉያቱ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሳትመጡ ቀባሁት» አሉ። «መሄዱ ካልቀረ ሳይቀባ አይሄድም።»

አፌን ስከፍት ጋልጋሎን አየሁት። እያለቀሰ ይስቃል። ያኔ ገባኝ፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ቅቤ የሚቀባው የመረቀውን ነው። ሴትየዋ መርቀዋል!

ቅቤው ግን የግድ መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ማስቲሹ አይይዝም። ምርቃት በቤንዚን ልንጠርግ ነው ብሎ ማን ይንገራቸው? ጋልጋሎ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«አዮ፣ እናቴ፣ ክንፉን ይተዉት፤ እኔን ይቀቡኝ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የቅቤ ቅላቸውን አምጥተው ራሱን አራሱት። «ናጋን ጋሊ፣ ልጄ፤ በሰላም ግባ» እያሉ ደጋገሙት፤ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋልጋሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ተነሳ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ጉያቱ ግን ቀና ብለው አላዩም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ድምፁን ብቻ ያዳምጣሉ። እጃቸውን ያዝኳቸው። ጎማው መሬት ነክቶ አውሮፕላኑ ሲቆም እጃቸውን ከእጄ መነጨቁ። ያ ሁሉ ሰው ወደ አውሮፕላኑ ሲሮጥ፣ ጎረምሳው ሳይቀር፣ ቀድመው የደረሱት የሰባ ሰባት ዓመቷ ጉያቱ ናቸው።