እኩለ ቀን ላይ ከፍ የሚለው ቁጥር

ቀራንዮ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ ቤት ጀርባ ናት። መስኮቷ ሰፊ ስለሆነ ዳንቴሌን ቀኑን ሙሉ አምፖል ሳላበራ እሠራባታለሁ። እትዬ ክፍሏን ሲሰጡኝ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ስቶቭ የሚባል ነገር እንዳላይ!" ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ለተከራይ ሁሉ የሚባል ነው። እኔም ማታ ማታ ደጅ ላይ በከሰል አበስላለሁ፤ ምሳዬ ዳቦ በሻይ ነው።

ዘንድሮ ልጃቸው ጣሪያው ላይ ሶላር አስገጠመላቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ቤቱ ምን ያህል መብራት እንደሚጠቀም የምታሳይ ትንሽ ስክሪን ተሰቀለች። ባለሙያው ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ ቀለበት በመሰለ ነገር አቀፈው፤ ስክሪኗ ቁጥሯን የምታገኘው ከዚያ ነው። እትዬ ቴሌቪዥኑን ትተው እሷን ማየት ጀመሩ። ፍሪጁ ሲነሳ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ካውያ ሲሰካ ይዘላል።

ችግሩ እኩለ ቀን ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው በማይኖርበት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ቁጥሩ ካውያ ከተሰካበት ጊዜ ይበልጣል።

አንድ ቀን እትዬ የክፍሌ በር ላይ ቆመው አየሩን ሳቡ።

"ምንድነው የሚቀቀለው? በሬ ነው እንዴ?"

"ምንም፣ እትዬ።"

"ሽታው እንኳ የለም። ክዳን ገጥመሽበት ነው!"

ስደነግጥ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን ደግሞ ሰው እንደ ማመን ይቆጥረዋል። እሳቸውም እንደዚያው ቆጠሩት። "ወር ሲሞላ ቤት ፈልጊ" ብለውኝ ሄዱ።

ቤት መፈለግ ለሌላ ሰው ድካም ነው። ለእኔ ግን ደላላ ማነጋገር፣ የማላውቀውን በር ማንኳኳት፣ "ብቻሽን ነሽ? ሥራሽ ምንድነው?" ላለ ሁሉ መልስ መስጠት ነው።

በማግስቱ ከምሳ ሰዓት በፊት ክፍሌን ቆለፍኩ። ሳሎን ገብቼ ቁልፉን እትዬ ፊት አስቀመጥኩና ዳንቴሌን ይዤ በረንዳቸው ላይ፣ እሳቸው በሚያዩኝ፣ እኔም በበሩ በኩል ስክሪኗን በማይበት ቦታ ተቀመጥኩ። መናገር ሲያቅተኝ የመጣልኝ ይኸው ነው።

ቁጥሩ እንደ ልማዱ ወጣ።

"ሰክተሽው ነው የመጣሽው!" አሉና ቁልፉን አንስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። አልጋዬ ሲጎተት፣ ካርቶኖቼ ሲገለባበጡ ይሰማኝ ነበር። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። ቁጥሩ ወረደ።

እትዬ ስክሪኗን አዩ፣ እኔን አዩ። "አሁን ደግሞ ማን አጠፋው?"

ደመናው ሲያልፍ ቁጥሩ እንደገና ወጣ። አፌ ውስጥ አንድ ነገር አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ፀሐይዋን... ፀሐይዋን ነው የሚከተለው፣ እትዬ።"

ለልጃቸው ደወሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረጉት ሁለታችንም ሰማነው።

"እማዬ፣ ቀን ቀን የስክሪኗን ቁጥር እንዳታምኚ። ሶላሩ ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ሲሰጥ ትርፉ በዚያው ገመድ ወደ ውጭ ይሄዳል። ቀለበቱ ገቢና ወጪ አይለይም፤ ያለፈውን ሁሉ እንደተጠቀምሽው ነው የሚቆጥረው። ባለሙያው ሌላ ዓይነት እስኪያመጣ ማታ ማታ ብቻ እዩት ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ለእኔ ማን ይንገረኝ? ደመናው?"

"ረሳሁት።"

"ረሳሁት ይላል! ልጅቷን ላባርራት ነበር እኮ!"

ስልኩን ዘጉ። ይቅርታ አላሉኝም፤ ቁልፌን ጉልበቴ ላይ አኑረውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወር ሲሞላ ያልኩሽን ተይው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ትርፉ ለማናውቀው ሰው ከሚሄድ፣ ቀን ቀን ስቶቭ ሰክተሽ አብስዪ። ዳቦ በሻይ ምን ምሳ ነው!"

"ስቶቭ የለኝም፣ እትዬ።"

"እሱንማ አሁን አይቼ መጣሁ አይደል! አልጋ ሥር እንኳ የለሽም።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ጓዳ ገብተው አሮጌ ስቶቫቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ይዘውልኝ ወጡ።

"ፀሐይ ሳለች ብቻ!" አሉኝ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

አሁን ሽንኩርት ከመክተፌ በፊት ወደ ሰማይ አያለሁ።