ዶሮዎቹን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች

ልጆቼ ተሰብስበው የውጭ እርዳታ ድህነትን ያጠፋል፣ አያጠፋም እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ! እርዳታን በድስት ሠርቼ ያቀረብኩት እኔ አይደለሁ?

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሱሉልታ ጭሰኞች ነበርን። ባሌ የሰው መሬት ያርሳል፣ እኔ ዶሮ አረባለሁ። ቤታችን የሣር ክዳን ነበር፤ ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቼን ከጥግ ወደ ጥግ እያዘዋወርኩ ነበር የማስተኛቸው። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ በእንቁላል ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ፈረንጅ ከአስተርጓሚና ከሾፌር ጋር በመኪና ደጃችን መጣ። ድህነትን ከዓለም ላይ ሊያጠፋ ነው የመጣው አለን አስተርጓሚው። የዓለሙን እንጃ፣ የኔ ክዳን ማፍሰሱን ቢተው ይበቃኝ ነበር። ስድስት ነጫጭ የውጭ ዶሮዎች ሰጠን፤ ግን ዘራቸው እንዳይበላሽ የሐበሻ ዶሮዎቻችሁን አስወግዱ ተባልን። እኔም ሞኟ ገበያ አውጥቼ በርካሽ ሸጥኳቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ሲጥሉ ጉድ ነበር! ብዙም ሳይቆይ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እየዳሰስኩ ደስ ይለኝ ነበር። መታቀፍ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ጥለው ዞር ነው፣ እንደ ሰጪያቸው። ጫጩት የለ፣ ምትክ የለ።

እሱም ባልከፋ። ጉብኝት የሚባል ነገር መጣ እንጂ።

መጀመሪያ የመጡት ዓርብ ቀን ስለነበር በሽሮ ሸኘኋቸው። አማቴ ግን አዘኑ። ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ መጥቶ ከልጃቸው ቤት ሽሮ በልቶ መሄዱን የአካባቢው ሰው ሁሉ ሰምቷል አሉ። «ኬሱማን ካን ዋቃቲ» ይሉኝ ነበር፤ እንግዳ የእግዜር ነው ማለታቸው ነው። እንዴት አድርጌ ልመልስላቸው? እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጡት ሐሙስ ቀን ነው። አንዷ ታረደች። ፈረንጁ በርበሬው አስለቅሶት አፍንጫውን እየጠረገ ፈረሰኛዋን በላ፤ አስተርጓሚው የሁለት ሰው በላ፤ ለእኔ አንገቷ ደረሰኝ። ሲጨርሱ ፈረንጁ አንድ ነገር ጻፈ። አስተርጓሚውን ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ቤተሰቡ ዶሮ መብላት ጀምሯል ነው የሚለው አለኝ። ጉድ በል ሱሉልታ!

ከዚያ በኋላማ ለመዱ። መሻሻላችንን ሊያዩ ሲመጡ አንድ፣ አለቃቸው እኛን ሊያይ ሲመጣ ሁለት። ዶሮዎቹ በቀነሱ ቁጥር ለምን እንደቀነሱ ሊያጠኑ ደግሞ ይመጣሉ፤ ለአጥኚውም ይታረዳል። እኔ ውስጤ እያረረ «ይብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን» እያልኩ አጎርሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ የጸለይኩት ጸሎት ለነፍሴ አልነበረም፤ በጾሙ ይምጡ ብዬ ነው። አልመጡም። ፋሲካ አልፎ መጡ።

የቀረችው አንዲት ናት። ባሌን አየሁት፣ ዓይኑን ሰበረ። አማቴ ቢላዋውን አቀበሉት። ያንን ወጥ ስሠራ ያለቀስኩት በሽንኩርቱ አይደለም።

ፈረንጁ ጠግቦ ሲያበቃ እጁን እየታጠበ ዶሮዎቹን አሳዩኝ አለ።

«የመጨረሻዋን አሁን በሏት ብለው ይንገሩልኝ» አልኩት አስተርጓሚውን።

አስተርጓሚው ወደ ፈረንጁ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፈረንጁ ግን ፊቱ በርቶ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ያን ክረምት ሁለቱን ቆርቆሮ ከልጆቼ መኝታ በላይ አጋደምናቸው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድባቸው እየሰማሁ ስድስቱንም ዶሮ፣ የሐበሾቹንም፣ አንድ በአንድ አስታወስኩ። እርግማኔን በማን ላይ እንደምወረውር ግን ግራ ገባኝ፤ የበሉት እነሱ፣ ያጎረስኩት እኔ።

በዓመቱ ያው መኪና መጣ። አሁን ደግሞ ከኋላው ጸጉራቸው የተንዠረገገ የውጭ በጎች ጭኗል። እናንተ ጎበዝ ቤተሰብ ስለሆናችሁ ቅድሚያ ተሰጥቷችኋል አለ አስተርጓሚው። አማቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ» አልኩት። «ስንት ጊዜ ነው መጥታችሁ የምታዩን?»