ሞጣ ላይ በርሜል የዞርኩ ጊዜ

በደርግ ዘመን ቢቸና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርኩ። ባለቤቴ ደግሞ ደጀን ጤና ጣቢያ ትሠራለች። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ግን በወር አንዴ ከተገናኘን ተመስገን ነው። ስብሰባ ደጀን ካልተጠራ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ከሌለ ባልም የለም። ዝውውር በጠየቅኩ ቁጥር ኃላፊዬ "እናየዋለን" ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

አንድ ዓመት ለላብ አደሮች ቀን የቢቸናና የሞጣ አውራጃ የመንግሥት ሹፌሮች ሞጣ ላይ በመኪና ይወዳደሩ ተባለ። ኃላፊዬ ቢሮው ጠርቶኝ፣ "አንደኛ ከወጣህልኝ ዝውውርህን እፈርማለሁ" አለኝ።

"ቃልዎ ነው፣ ጓድ?"

"የአብዮተኛ ቃል!"

አርብ ዕለት ከኃላፊዬ ጋር አቧራ ስንቅም ውለን ሞጣ ገባን። ወገቤ ተቆርጧል። ያቺ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከእኔ ይበልጥ ደክማለች፣ እሷ ግን ዝውውር አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ኳስ ሜዳው ላይ ባዶ በርሜሎች ተደርድረው ጠበቁን። በመሃላቸው እየተጠማዘዙ መሄድ፣ ጫፍ ደርሶ መዞር፣ ቀጥሎ በኋላ ማርሽ እስከ መነሻው መመለስ ነው። ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል፤ በርሜል የነካ ሰዓት ይጨመርበታል። የቅዳሜውን ዙር አንድ ሽማግሌ የሞጣ ሹፌር መራ፣ እኔ ተከተልኩ፤ የሚለየው እሁድ ነው። ማታ ሻይ ቤት አጠገቤ ተቀመጠና ምን እንደዚህ እንደሚያስነዳኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"ተው፣ አንተ ልጅ" አለኝ። "እኔም ከቤተሰቤ ጋር ልኑር ብዬ ዝውውር ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ ወዲህ የመጡት ሁሉ ሄዱ። መኪና አጋጭቶ የሚውለውን ማንም ይሸኘዋል። እኔን እዚህ ያስቀረኝ መንዳት ማወቄ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቃል ተገብቶልኛል።"

"ለእኔስ አልተገባልኝም መሰለህ?"

ልቤ አልተቀበለውም። ነገ የምገጥመው ሰው ስለሆነ በምክር ሊጥለኝ የፈለገ መሰለኝ። ደግሞም በጣም ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው የሚያሳርፈውን ነገር ያምናል።

እሁድ ቀበሌው ሕዝቡን አስወጥቶ ሜዳው ሞላ። ከቅዳሴ የተመለሱ አንድ ቄስ ጥላቸውን ይዘው መስኮቴ አጠገብ ቆሙና በርሜሎቹን አንድ ባንድ አዩ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምትዞረው ተመልሰህ እዚሁ ለመቆም ነው?"

"አዎ፣ አባ።"

"እንግዲያስ ያበርታህ" ብለው አለፉ።

ሽማግሌው ቀድሞኝ ገባ። አንድም በርሜል ሳይነካ ወጣ። እኔ ስገባ ድካሜ የት እንደሄደ አላውቅም። እጄ መሪውን፣ እግሬ ፍሪሲዮኑን ራሱ ያውቀዋል። በኋላ ማርሽ ስመለስ በየበርሜሉ መሃል የምትታየኝ ባለቤቴ ነበረች። ስቆም ጭብጨባው ቀለጠ። አንደኛ ወጣሁ፤ ከመድረኩ ፔርሙስ ተሸለምኩ። ሽማግሌው መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም። "አይዞህ" ነው ያለኝ።

ስንመለስ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ጠበቅኩና፣ "ጓድ፣ ያ ዝውውር..." አልኩ።

ኃላፊዬ ከልቡ ሳቀ። "አንተን? ውድድሩን ሊያዩ ከማርቆስ የመጡት ኃላፊዎች ሁሉ ይህን ሹፌር ስጠን ብለው ሲለማመጡኝ እምቢ አልኳቸው እኮ! አሁንማ እንዴት አድርጌ ልልቀቅህ?"

ሊያመሰግነኝ ነው እንደዚያ ያለው፤ ፊቱ ያበራ ነበር። መኪናውን አቁሜ ቁልፉን እጁ ላይ ላስቀምጥለት አሰብኩ። ግን መናደዱም ደከመኝ፣ ማርሽ ቀይሬ ነዳሁ።

በሳምንቱ ስብሰባ ደጀን ተጠራ። ባለቤቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች መኪናው ድረስ መጣች። ኃላፊዬ የገባልኝን ቃል ከውድድሩ በፊት ልኬላት ነበር፤ ፔርሙሱን ሰጠኋት። ገልብጣ አየችውና፣ "የተፈረመውስ?" አለችኝ። ኃላፊዬ ቀደመኝ።

"ባልሽ እኮ ከሁለት አውራጃ ሹፌር አንደኛ ወጣ! ደስ አይልሽም?"

"ደስ ይለኛል እንጂ፣ ጓድ" አለች ረጋ ብላ። "ለከርሞው ግን እኔን ያስነዱኝ። መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ወዲያው ይለቁናል።"

ከስብሰባው ስንመለስ ኃላፊዬ ጨዋታ አዋቂ ናት እያለ እስከ ቢቸና ድረስ ሳቀ። እኔም ነገሩ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሳላንገጫግጨው፣ አንዱንም ጉድጓድ ሳልመታ አደረስኩት።