ጠዋት የበረደ ግንባር

እህቴ የፋብሪካ ሠራተኞችን ልጆች በአንዲት ክፍሏ ትጠብቅ ነበር። እናቶቹ «እትዬ» ይሏታል፤ እኛም ለመድነው። ራሷ አልወለደችም። «ብወልድማ የሚያስለቅሰኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸው በደርዘን አመጣችሁብኝ» እያለች ትስቅባቸዋለች።

በዚያ ሰሞን ሕፃናት ላይ የሚከፋ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በሰፈሩ እየበዛ መጣ። እኔ መዝገብ ከምይዝበት ጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ወጣ፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ የሕፃናት ማቆያ አይግባ፣ በዚያው ቀን ይመርመር የሚል። እትዬ በሯ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱን ልጅ ግንባር በእጇ ጀርባ ሳትዳስስ አታስገባም።

ሁሉን ስለሚያዝዝ «ሻለቃ» የምንለው የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ጠዋት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ።

«ሻለቃ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስር ነው?» አለችው ግንባሩን እየዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው። ልጁ ግን ራሱን ከእናቱ ጀርባ አላነሳም።

«እንቅልፉ ነው እትዬ፤ ሌሊቱን ሲነጫነጭብኝ አደረ» ብላ እናቱ አውርዳው ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ምሳ ሳይደርስ ገላው እንደ እሳት ነደደ፣ ደረቱም ሽፍታ አወጣ። እትዬ ሌሎቹን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ እሱን አዝላ ጤና ጣቢያ ደረሰች። መርፌ ወጉት፣ ኦክስጅን ሰጡት። ኢንፌክሽኑ ግን ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። በምሳ እረፍት መልእክት የደረሳት እናቱ ሥራዋን ጥላ ስትደርስ ልጇ አርፏል።

ለቅሶዋ ጋብ ሲል እትዬ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት ምን ሰጥተሽው ነበር፣ እህቴ?»

«የትኩሳት ሽሮፕ፤ ግንባሩ እንዲበርድ። ብነግርሽ ልጁን ከበር ትመልሺብኝ ነበር። ከሥራ ብቀር ደግሞ ያባርሩኛል።»

«አዎ» አለች እትዬ። «እመልስብሽ ነበር።»

«እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ሁላችንም እኮ እንሰጣለን።»

ሐኪሙ ይህን ሰማ። «አብረውት የዋሉት ልጆች አሁኑኑ ይምጡ፤ እናቶቻቸውም ምን እንደሰጧቸው ይንገሩኝ» አለ።

ጎረቤትየዋ ልጆቹን ልታመጣ፣ እትዬ ደግሞ እናቶቹን ልትጠራ ተከፋፈሉ።

«እናቴ፣ ፈረቃው ሳያልቅ አልጠራም» አላት የፋብሪካው ዘበኛ።

«ልጅ ሞተብን እኮ!»

«ነፍስ ይማር። ግን ታዝዤ ነው።»

የአጥሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች፦ «ውጡ! አልመልስባችሁም! ከእንግዲህ ማንንም አልመልስም፣ ብቻ ውጡ!»

የማሽኖቹ ድምፅ ዋጣት። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ እሷም መጮኋን አላቆመችም።