በፍርግርጉ ላይ የተከፈተ በር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢቀመጥ ስንት እፍኝ ይወጣዋል? ሃይፎንግ ከተማ ውስጥ የብየዳ ዕቃ የምትሸጠው ቶዋ ይህን የምታስበው ያ ሰውዬ ሱቋ ብቅ ባለ ቁጥር ነው። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ይቆልፋል። አንዴ ዕቃ ሲያነሳ እጅጌው ሸሸና ክንዱን የበላውን የእሳት ጠባሳ አየችው።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት ትልልቆቹን መበየጃዎች ገፋ አድርጎ፣ "የቤት መብራት የሚችለውን ትንሹን ስጪኝ፤ ጀማሪ ነኝ" አላት።

"በዚህ ዕድሜዎ፣ ጋሼ? ምን ሊሠሩበት?"

"በር።"

ብየዳው መጀመሪያ የዶሮ ኩስ ይመስል ነበር። እየዋለ እያደረ እጁ ረጋ። ሚስቱና ልጁ ካለቁበት ቃጠሎ በፊት ሦስት ሆነው ይኖሩበት የነበረው ቤት በረንዳ፣ ለሌባ ተብሎ ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። እሱን ቆርጦ፣ ከውስጥ የሚከፈት ትንሽ ማምለጫ በር ገጠመለት። ከዚያ ጎረቤቶቹን ይለምን ጀመር።

"ለእናንተም ልሥራላችሁ፤ በነጻ ነው።"

"ሌባ ልታስገባብን ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ? ደግሞ ያንተ ብየዳ ድመት ብትቀመጥበት ይረግፋል!"

አብሯቸው ይስቃል።

በመጨረሻ ወደ ቶዋ መጣ። ከሱቁ በላይ ልጆቿ የሚተኙበትን ክፍል ፍርግርግ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ።

"ላንቺስ ልሥራልሽ?"

"ከአዲስ ዓመት በኋላ እናየዋለን፣ ጋሼ።"

አዲስ ዓመት መጣ፣ ሄደ። እሱም ጥያቄውን አልደገመላት፣ እሷም አልጠራችው።