ሰም የለበሰ ማንጎ

የመጀመሪያው ድንጋይ የትነበርሽን ሳታት፤ ሁለተኛው የባሏን የወንዴን ግንባር ፈነከተው። የሁዳዴ አጋማሽ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንዴ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ባዶ የማንጎ ሣጥን አነሳና እንደ ጋሻ ከሚስቱ ፊት ቆመ።

ጣጣው የመጣው ከመንገዱ ነው። የመተማ መንገድ በተኩስ ይዘጋ ከጀመረ ወዲህ፣ ከቆላ የተጫነ ማንጎ ጭልጋ ላይ ሳምንትና ከዚያ በላይ እየቆመ፣ ጎንደር ሲደርስ ግማሹ ጠቁሮ ይራገፋል። የትነበርሽ ግን መላ ነበራት። አንድ የግብርና ባለሙያ ለሴት ነጋዴዎች ሲያሳይ ያየችውን አልረሳችም፤ ተልባ ታፈላለች፣ ዝልግልጉን በነጠላ ታጠልላለች፣ ትኩስ እያለ የቀለጠ ሰም ጠብ እያደረገች በእንጨት ትመታዋለች። ወንዴ ያንን በጀሪካን ይዞ ቆላ ይወርድና፣ የተለቀመውን ማንጎ አጥቦ፣ ነክሮ፣ ነፋስ ላይ ያደርቀዋል። ፍሬው ስስ ልብስ ይለብሳል፤ ውሃው አያመልጠውም፣ ቶሎም አይበስልም። ከነልጣጩ ቢበላ እንኳ ጉዳት የለውም።

ለመጨረሻው ጭነት ሰም አነሳት። የገበያ ጎረቤቷ ደሴ፣ ፍራፍሬና ጧፍ ጎን ለጎን የሚሸጠው፣ ከመደቡ ሥር አንድ ድቡልቡል ሰም አውጥቶ ሸጠላት። እቤቷ ስታቀልጠው ሥጋ ሥጋ ሸተታት። እጇ ቆመ። ሰሙ በሞራ እንደተበረዘ ገባት። ደግሞ መኪናው ሊነሳ ነው፣ ወንዴ በር ላይ እየጮኸ ነው። «ተልባው ይውጠዋል» አለችና ሰሙን ከተልባው ጋር መታችው።

ያ ጭነት እንደገባ ነው ዛሬ ሰው የተሰበሰበባቸው። የደሴ ማንጎ ዝንብ ወሮት፣ የእሷ እንደ ወርቅ ሲያበራ፣ ገዢው ሁሉ እሱን እያለፈ ወደ እሷ ሄደ። ደሴ የሸጠላትን ያውቃል። መጣና አንዱን አንስቶ ላሰው፤ እንትፍ አለ።

«ሞራ ነው! እናንተ፣ በሁዳዴ ሞራ እያበላችን ነው!»

«ምነው አያ ደሴ፣ ምን አደረግሁህ?»

«በርበሬ ብትነሰንሺበት ጥብስ ይወጣው ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ነው ድንጋዩ የመጣው።

ሣጥኑ ሁለት ዱላ ቻለ፤ በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ወንዴን ጎኑን ሲሉት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማችው። ወደቀ። በረገጡት ማንጎ ላይ እየተንሸራተቱ ይረግጡት ጀመር፤ ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ተለወሰ። ልትከልለው ስትወረወር አንዱ በሹሩባዋ ጎትቶ ጣላት። ከመሬት ሆና፣ አንድ ጎረምሳ የድንኳን ካስማ በሁለት እጁ ከወንዴ ራስ በላይ ሲያነሳ አየች።

«ሰሙን የሸጠልኝ ደሴ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጧፋችሁም ከዚያው ሰም ነው! አሽትቱት!»

ካስማው አየር ላይ ቆመ። አያ ነጋ የሚባሉ ሽማግሌ ከደሴ መደብ ጧፍ አንስተው ሰበሩ፤ አፍንጫቸው ላይ ያዙት።

«ይኸን ነው እንዴ ታቦት ፊት ያበራሁት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ደሴ ሊሮጥ ሞከረ። ሦስት እርምጃ አልሄደም። ያ ካስማ ፊቱ ላይ አረፈ። የትነበርሽ ከዚያ በኋላ ያየችው እግር ብቻ ነው፤ ብዙ እግር፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አፈር የሚቧጥጥ አንድ እጅ። እጁንም ረገጡት።

«እኔም አውቅ ነበር!» አለች። «ሸትቶኛል! አውቄ ነው የነከርሁት! ተውት!»

ማንም ዞር አላለም። ወንዴ ብቻ ከመሬት ቀሚሷን ያዘ፤ «ዝም በይ አንች፣ ዝም በይ» አላት በተሰበረ ጥርሱ። ፖሊስ ወደ ሰማይ እስኪተኩስ ድረስ አላቆሙም።

በሳምንቱ፣ ወንዴ ተቀምጦ ውሃ መጠጣት ሲችል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ወደሚገኘው የደሴ ቤት ሄደች። ሚስቱ መሰረት በር ከፈተች።

«ሞራ እንዳለበት አውቄ ነበር» አለቻት የትነበርሽ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

መሰረት በጥፊ መታቻት። እንደገና መታቻት። የትነበርሽ እጇን አላነሳችም፣ ወደኋላም አላለችም። ጉንጯ ሲነድ መሰረት ከበሩ ገለል አለች።

ደሴ መደብ ላይ ተጋድሟል። አንድ ዓይኑ የለም፤ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉማጅ መስሏል። በቀረው ዓይኑ አያት።

«ማንጎው» አለ፣ «ከተለቀመ ስንት ቀን ቆየ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ያለ ሞራ ቢሆንስ፣ ይህን ያህል አይቆይም ነበር?»

«ይቆይ ነበር አያ» አለችው፤ ቁጭ የምትልበት ብታጣ መሬት ላይ ተቀመጠች።