አሥራ ሁለት የሌለበት ሰዓት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ተረት የሚነገረው ወንድሜ ከግቢ እንዳይወጣ ነበር። ሳሚ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ያኔ ደግሞ የአፈሳው ዘመን ነው፤ መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ ሁሉ ካሚዮን ላይ ተጭኖ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል። እማዬ ጠዋት ሥራ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛው ትሄዳለች። አጥሩ ግን የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ለመዝለል የፈለገን ልጅ አይዝም።

ይህን ከሁሉም በላይ ያወቁት አባባ ነበሩ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ሱቃቸውን ዘግተው ቦሌ እኛ ጋ የገቡ፣ ቀልደኛም ግትርም ሽማግሌ። አንድ ምሽት ከሣጥናቸው የሞተ የሩሲያ የእጅ ሰዓት አወጡና ሳሚ ፊት አስቀመጡት።

«ሥራ የሌለው ሰው ቤት አይቀመጥም» አሉት። «በአገሩ የሌለ ሰዓት እንሥራልህ። በየማታው አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ቁጥር አንድ ተረት። አሥራ ሁለት ማታ ትታገሠኛለህ?»

«እስከዚያ አፈሳው ያልፋል፣ አይደል አባባ?» አለ ሳሚ እየሳቀ። ገብቶታል።

የሰዓቱን ሞተር አጽድተው አስነሡት፤ ፊቱን ነቅለው የፈረንጁን ቁጥር በምላጭ ፋቁት፤ ነጭ ቀለም ቀቡት። ሳሚ ሥዕል የሚችል ስለነበር በትምህርት ቤት ኮምፓሱ ከአሥራ ሁለት ከፈለው፤ ቁጥሩም የግዕዝ ይሁን አለ። አሥራ ሁለት የት ይሁን በሚለው ግን ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። «የእኛ ቀን የሚጀምረው ከአሥራ ሁለት ነው» አሉ አባባ፤ «ፀሐይ ደግሞ ከታች ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ ከታች ይቀመጣል።» ሳሚ ትንሽ አሰበና አጨበጨበ። አሥራ ሁለት ከታች ከሆነ፣ ዘንጎቹ እንደ ኤርፖርቱ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ቢዞሩም ንባቡ የእኛው ነው የሚሆነው። ይህን ለእኔ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከመ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር በኩራዝ ነበር የሚሠሩት፤ እኔ ከሰል ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የኩራዙ ጭስ አፍንጫዬን እያጠቆረው አያቸዋለሁ፤ አባባ ማጉያ መነጽራቸውን አድርገው ከድመታችን ጅራት በቆረጧት ጥቂት ፀጉር ቁጥሯን እየሳቡ ተረቱን ይጀምሩታል፤ ተረቱ ሲያልቅ ሳሚ ያቺን ክብ ፊት በጣሳ ክዳን አድርጎ ፍሙ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ያደርቃታል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ቁጥሩም ተረቱም ቆሞ ይጠብቃል። እንዲያ ደስ ብሎኝ ያውቃል ለማለት አልደፍርም።

በአሥራ አንደኛው ምሽት የነገሩን ልጇ እንጨት ለቀማ ወጥቶ ስለቀረባት ሴት ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴትየዋ ፀሐይን «ልጄ ሳይገባ እንዳትጠልቂብኝ» ብላ ለመነቻት። ፀሐይም «ዓይንሽን ከመንገዱ እስካልነቀልሽ እጠብቅሻለሁ» አለቻት። አባባ ፲፩ን እፍ እፍ ብለው ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ልጁ መጣ?» አለ ሳሚ።

«እሱ የአሥራ ሁለት ተረት ነው። ነገ።»

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። አሥራ ሁለት ቀይ ይሁን አልኩ። ቤት ያለው ጥቁር ቀለም ብቻ ነው አሉኝ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤታችን አልማዝ ቀይ የጥፍር ቀለም አላት አልኩ። አባባ «ጥቁሩ ይበቃል» ሲሉ አኮረፍኩ፤ እያለቀስኩ ተኛሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አባባ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሳሚ ጆሮዬን ቆነጠጠኝና «ሁለት ደቂቃ ነው። አንቺ ዓይንሽን ከመንገዱ እንዳትነቅዪ» ብሎ በተረቱ ቀለደብኝ። አጥሩን ዘለለ። እኔም በቆርቆሮው ቀዳዳ አፍጥጬ አየሁ። አልማዝ ቤት ሲገባ አየሁ። ሲወጣ አየሁ፤ ብልቃጧን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ካሚዮኑ ከመታጠፊያው ሲመጣም አየሁ። ሁለት ሰዎች ወርደው በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት። ዓይኔን ለአንድ አፍታ እንኳ አልነቀልኩም።

አባባን ቀስቅሼ ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር። እማዬ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ ልናገር አፌን ገና ሳንቀሳቅስ አባባ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ የላክሁት» አሏት። «ለቀለም።»

«እርስዎ?» አለች እማዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባን ምግብ የማቀርበው እኔ ሆንኩ፤ እሷ በእጇ ውኃ እንኳ ሰጥታቸው አታውቅም። እሳቸውም እኔን አይተው አንድ ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳሚ አልተመለሰም። መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲገባ፣ እማዬ ፎቶውን ይዛ ስንት ቀን መንገድ ዳር ቆመች፤ የሚያውቀው አልተገኘም። ሞተ ብሎ ያረዳንም የለም።

አባባ ሊሞቱ አካባቢ አሥራ ሁለተኛውን ተረት ለመንኳቸው። ልጁ መጣ ወይ? ብዬ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያን ማታ ለነገ አስብበታለሁ ብዬ ነበር የተኛሁት።»

ሰዓቱ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ከሞሉት ይሠራል። ከታች አሥራ ሁለት መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ነው፤ ንጋትም ምሽትም ሲሆን ዘንጉ ባዶ ላይ ያርፋል። አሥራ አንዱን ተረት ለልጆቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ ልጁ መጣ ወይ ሲሉኝ ተኙ እላቸዋለሁ። እማዬ አባቷን ሳትታረቅ ነው የቀበረችው። አፈር ሲመለስባቸው አጠገቧ ቆሜ ክንዷን ይዣት ነበር፤ ያኔም ቀይ ያልኩት እኔ ነኝ አላልኳትም። ዘንድሮ እሷንም ቀበርኳት።